«በባቡር ሄዶ ቀረ»፦ የምንጅላቴ ፍለጋ ማስታወሻ

መስከረም 18፣ 2017፣ ቅዳሜ

ሳጥኑን ዛሬ ከፈትነው። የፒያሳው ቤታችን ባለፈው ዓመት ሲፈርስ ከዕቃው ሁሉ ቀድሞ የወጣው እሱ ነበር። ትንሽ የእንጨት ሳጥን ነው። አያቴ እማማ በሰው አላስነካችውም፤ ራሷ ታቅፋው መኪና ላይ ወጣች። አራት ኪሎ እኛ ጋ ከመጣች ወዲህ አልጋዋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ለወራት ስለምናት ቆይቼ ዛሬ ጧት፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ።

የምፈልገው ሰው የእማማ እናት አባት ነው። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት ብለን ስንቆጥር ለእኔ ምንጅላት ይሆናል። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ የሚነገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በባቡር ሄዶ ቀረ።» የባቡር ሠራተኛ ነበር ይባላል። ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ወደ ቆላ ወረደ፤ ድሬዳዋ ወይ ጅቡቲ ሌላ ትዳር ያዘ፤ አልተመለሰም። ቅድመ አያቴ ይህን እየሰማች አደገች። ይህንኑ እያወራች አረፈች። አጎቴ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሲያረፍድበት «እንደ ምንጅላትህ በባቡር ሄድክ እንዴ?» ይላል። ልጅ ሆኜ አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ግን ያሳዝነኛል። አንድ ሰው መቶ ዓመት ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲወቀስ፣ አንድ ቀን እንኳ መልስ የሚሰጥለት አላገኘም።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። እማማ የዓለም ስሙን አደባባይ እንዳላወጣ አስምላኛለች።

ሳጥኑ ውስጥ በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ የብራና ዳዊት አለ። ማኅደሩ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ፣ በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ብጫቂ ወረቀት አለ። ከሥር ደግሞ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ። በልጅ እጅ ጽሑፍ አሥራ አንድ ስሞች ተጽፈውበታል፤ ሁሉም የክርስትና ስሞች ናቸው። የቀረው የጥጥ ልቃቂት፣ የተሰበረ መስቀልና ሁለት የምኒልክ ጠገራ ብር ነው።

መስከረም 26፣ እሑድ

ብዙ ሰው «ለምን ከመዝገብ አታወጪውም?» ይለኛል። የትኛው መዝገብ? በአገራችን ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ በወጉ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መዝገቡ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ያ ክፍል ግን ሥራ ላይ ሳይውል ኖረ። የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽ የምንለውም ከ1967 በኋላ፣ ቀበሌ ከመጣ ወዲህ ያለ ነገር ነው። ጋዜጣ ልፈልግ ብል ብርሃንና ሰላም የጀመረው በ1917፣ አዲስ ዘመን በ1933። ምንጅላቴ ከዚህ ሁሉ በፊት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገቤ እማማ ናት። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ አጠገቧ አስቀመጥኩት። ሥራውን ለሚጀምር ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ «መቼ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ያኔ ማን ነበር የነገሠው? ምን ሆኖ ነበር? የት ትኖሩ ነበር?» በይ። እማማን እናትሽ መቼ ተወለደች ብላት «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ምን በሆነ ጊዜ ስላት ግን ሳታስብ መለሰች፦ «ባቡር አዲስ አበባ የገባ ዓመት።»

ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። በቃ፣ የቅድመ አያቴ የልደት ዓመት ተገኘ።

ሌላም ነገር ወጣ። አባቷ ሲጠፋ ቅድመ አያቴ ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ አልነበረችም። ለመኸር ቡልጋ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ቤቱ ሌላ ሰው ገብቶበታል። የሚያውቋቸው ጎረቤቶች የሉም። አንዲት ሴት ናት «ባልሽ በባቡር ሄዷል» ያለቻቸው። ያ ወሬ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው። ከአንዲት ሴት አፍ! ዛሬ ገና ነው ይህን የሰማሁት፤ እማማ ደግሞ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ዳዊቱንስ ማን አመጣው? እማማ ታስታውሳለች። የተወለደችው ጠላት በወጣበት ዓመት፣ በ1933 ነው። ፊደል ጨርሳ አቡጊዳ ስትጀምር አንድ ሽማግሌ ቄስ ቤት መጡ። «የአባትሽ ነው» ብለው ለእናቷ ሰጧት። እናቷ ማንበብ አትችልም። ተሳልማ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ማንም ከፍቶ አላነበበውም፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይሳለሙታል እንጂ አይነካካም።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ዛሬ በእግሬ ሄድኩ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ እስከ ሠራተኛ ሰፈር። የቤታችን ቦታ ክፍት ሆኗል። የት ጋ ቆመን እንደምንነጋገር፣ የት ጋ ውሃ እንደምንቀዳ በእጄ እየጠቆምኩ ለራሴ ነገርኩት። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሥራው ይህ ነበር፦ እሱ ያየውን እኔም ዛሬ ማየት የምችለው የትኛው ነው? የምኒልክ ሐውልት አይደለም፤ የቆመው በ1923 ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃም የ1957 ነው። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግን በእሱ ጊዜ ነበር። ጣይቱ ሆቴልም ነበር። ገበያውም መርካቶ ሳይሆን እዚሁ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ሥር ነበር፤ ወደ መርካቶ ያሻገረው ጣሊያን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይህ ሜዳ በሰው ይጨናነቅ ነበር። ጊዮርጊስን ተሳልሜ ቅጥሩን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከእሱ ጋር አንድ ነገር አብረን ያየን ያህል ተሰማኝ።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ለገሃር። ብዙ የሚጻፍ የለም። የጣቢያው ሕንፃ ራሱ የተከፈተው በ1922 ስለሆነ እሱ አያውቀውም። ስለ ድሮ ሠራተኞች መዝገብ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። አንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሰው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ የሥራው ልብ ድሬዳዋ ነበር፤ ጋራዡም ወረቀቱም እዚያ ነው» አሉኝ። በድሮው ጊዜ ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ እንደነበርም እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። የድሮው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ድሬዳዋን ለኋላ ያዝኩት።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ብጫቂዋን ወረቀት ፈረንሳይኛ ለተማረ ጓደኛዬ አሳየሁት። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጠን ነው የተረጎመልኝ። የዕቃ ማስጫኛ ክፍያ ደረሰኝ ናት። አንድ ጥቅል፣ 22 ኪሎ፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ። ስሙን የጻፈው ፈረንጅ እንደሰማው ነው የጻፈው፤ መጀመሪያው ከምንጅላቴ ስም ጋር ይገጥማል፣ መጨረሻው ተበላሽቷል። ዓመቱ ጥርት ብሎ ይነበባል፦ 1918። ቀኑ 14። ወሩ ላይ ጓደኛዬ ቆም አለ። ዘጠኝ ቁጥር ተጽፋለች፤ ከጎኗ ‹ብር› ብለው የሚነበቡ ትንንሽ የፈረንጅ ፊደላት አሉ። «ዘጠነኛ ወር፣ ሴፕቴምበር መሆኑ ነው» አለ።

በእኛ ስቆጥረው መስከረም 4፣ 1911 መጣ። ደረሰኙን ከያዘ ቢያንስ በዚያ መስከረም ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ግን ይህ ምንም አያስረዳም። መስከረም መጥቶ ጥቅምት መሄድ ይችላል። ሆዴ ባር ባር እያለ ወደ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

አንድ ነገር አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ዘጠነኛ ወር ለማለት ዘጠኝ ቁጥር ብቻ አይበቃም ወይ? ‹ብር› ምን ትሠራለች? ወረቀቷን ይዤ ጎረቤታችን ወደሆኑት የፈረንሳይኛ መምህር ሄድኩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። መነጽራቸውን አስተካክለው አንዴ አዩና ፈገግ አሉ። «ይህቺ ሴፕቴምበር አይደለችም። ኖቬምበር ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ የሮማውያን አቆጣጠር ዓመቱ የሚጀምረው ከማርች ነበር። ኖቬምበር ዘጠነኛ ወር ነበረች፤ ስሟም በላቲን ዘጠኝ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ፈረንሳዮች በድሮ የእጅ ጽሑፍ ወሩን ሲያሳጥሩ «9» ጽፈው መጨረሻውን ያስከትላሉ። ሰባትም ከሆነ ሴፕቴምበር፣ ስምንት ከሆነ ኦክቶበር ነው። ይህን ካላወቁ ሁለት ወር ሙሉ መሳሳት ይመጣል። እኔም ተሳስቼ ነበር።

ኖቬምበር 14፣ 1918 በእኛ ኅዳር 5፣ 1911 ነው።

ኅዳር መኸር ነው። ሚስቱና ልጁ ቡልጋ ናቸው። እሱ 22 ኪሎ ጥቅል ይዞ ወደ አዲስ አበባ እየመጣ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ምን ነበር? የልጅ ልብስ ይሆን? ይህን የሚመልስልኝ ወረቀት እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጥቅሉ ሳስብ አደርኩ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ዛሬ ዳዊቱ ተከፈተ። እማማ ራሷ ናት ማኅደሩን የፈታችው። አንድ መሪጌታ ቤታችን ድረስ መጡልን፤ ከቅዳሴ መልስ ነበር፤ ምሳ በልተው እጃቸውን ታጥበው ጀመሩ።

መጀመሪያው ቅጠል ላይ በጥቁር ቀለም፦ «ዝ መጽሐፍ ዘወልደ ማርያም። ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» ይህ መጽሐፍ የወልደ ማርያም ነው፣ የሰረቀውም ስሙን የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ወልደ ማርያም የምንጅላቴ የክርስትና ስም ነው። በብዙ የብራና መጽሐፍ ላይ የሚጻፍ ነው። እኔ ግን ሽማግሌውን ቄስ አስታወስኩ። መጽሐፉን ከብዙ ዓመት በኋላ ባለቤቱን ፈልገው ያመጡት ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉ ከብዷቸው ነው።

ውስጥ ውስጡን ጸሎቶቹ ላይ ባለቤቱ በስሙ ይጠራል፦ «ዕቀቦ ለገብርከ ወልደ ማርያም»። አንድ ሦስት ቦታ ላይ ከሥሩ የሌላ ሰው ስም ተፍቆ በላዩ ነው የተጻፈው። መጽሐፉ ከእሱ በፊትም ባለቤት ነበረው ማለት ነው።

የመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ግን ሌላ እጅ፣ ሌላ ቀለም ነው። መሪጌታ ቀስ ብለው አነበቡ፦ «አዕረፈ ገብርከ ወልደ ማርያም አመ ፲ወ፪ ለኅዳር በዕለተ ሐሙስ በዘመነ ሉቃስ።» አገልጋይህ ወልደ ማርያም ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ በዘመነ ሉቃስ ዐረፈ። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ ርጥበት ነክቶት ደብዝዟል። የሚነበበው «ማቴዎስ» የሚለው ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ አልተጻፈም። ከዚህም በላይ ግራ የሚያጋባው ሉቃስና ማቴዎስ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። መሪጌታም «በአንድ ዓመት ሁለት ወንጌላዊ አይኖርም» ብለው ዝም አሉ።

እማማ ምንም አልተናገረችም። መጽሐፉን ተሳልማ ተነሣች።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ ሌሊት

መሪጌታ ስሌቱን አስተምረውኝ ሄደዋል። ማንም በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው ይችላል፤ ለቤተሰብ ታሪክ ፈላጊ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አላየሁም።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 ይካፈላል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። የድርሻው ቁጥር መጠነ ራብዒት ይባላል። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምረን ለ7 ስናካፍል የሚተርፈው የመስከረም 1ን ዕለት ይሰጠናል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ።

መጀመሪያ የማውቀውን ቀን ፈተንኩበት። ዓድዋ የካቲት 23፣ 1888 እሑድ ነበር። 1888 ሲደመር 5500፣ 7388። መጠነ ራብዒቱ 1847። ድምሩ 9235፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። መስከረም 1 ረቡዕ። ከዚያ የካቲት 23 ድረስ 172 ቀን ነው፤ 24 ሳምንት ከ4 ቀን። ከረቡዕ አራት ብንቆጥር እሑድ! ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ የሉቃስ ዓመታትን አንድ በአንድ ሠራሁ። 1887 ላይ ኅዳር 12 ማክሰኞ ይውላል። 1891 እሑድ። 1895 ዓርብ። 1899 ረቡዕ። 1903 ሰኞ። 1907 ቅዳሜ። 1911፦ ዓመተ ዓለሙ 7411፣ መጠነ ራብዒቱ 1852፣ ድምሩ 9263፣ ቀሪው 2። መስከረም 1 ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ሐሙስ።

ሐሙስ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ይህ ዑደት በየ28 ዓመቱ ይደገማል። 1883 ላይም ኅዳር 12 ሐሙስ ነው። 1939 ላይም እንደዚሁ። 1883ን ልተወው እችላለሁ፤ ልጁ የተወለደችው በ1909 ነውና። 1939ን ግን አልችልም። ቄሱ ዳዊቱን ያመጡት እማማ አቡጊዳ ስትጀምር፣ 1940 አካባቢ ነው። በ1939 ሞቶ ከሆነ ወሬው ሁሉ እውነት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሌላ ቦታ ኖሮ፣ ሲሞት መጽሐፉ ብቻ ወደ ልጁ ተመለሰ ማለት ነው።

አንድ ቀን፣ አንድ ዕለት፣ አንድ ወንጌላዊ፤ ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሕይወቶች። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እንዴት ይምጣ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

መሪጌታ በድጋሚ መጡ። ዛሬ መስኮቱን በጋቢ ሸፍነን ክፍሉን አጨለምነው። የስልኬን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብራናው ላይ ተኝቶ እንዲያበራ አደረግኩት። ቀለሙ ቢጠፋም ብዕሩ ብራናውን የጫረበት መስመር ጥላ ይጥላል። ይህን ከዚህ በፊት ሠርቼው አላውቅም። ይሠራል።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ፊደል በፊደል ለቀሙት። ከ«ማቴዎስ» በፊት «አባ» አለ። ከ«አባ» በፊት «…ስነ»። ቀና አሉና ሳቁ። «ወጳጳስነ አባ ማቴዎስ ነው! ወንጌላዊው አይደለም፣ ጳጳሱ ናቸው።»

የድሮ ጸሐፊ ዓመቱን ሲያመለክት የንጉሡንና የጳጳሱን ስም ይጠራል። አቡነ ማቴዎስ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምረው የነበሩ ጳጳስ ናቸው፤ ያረፉት በ1919 ነው። በ1939 «ጳጳሳችን አባ ማቴዎስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይኖርም።

1939 ወደቀ። የቀረው 1911 ብቻ ነው።

እማማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ስል አየኋት። «በባቡር አልሄደም፣ እማማ» አልኳት። «መጥቶ ነበር። ከመጣ በሳምንቱ ነው የሞተው።» ዝም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «ኅዳር አሥራ ሁለት?» አለች። «ኅዳር ሲታጠን?»

እኔ ቁጥር ስደምር ያላየሁትን እሷ ወዲያው አየችው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሦስት ቀን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ 1911 ሳነብ ሰነበትኩ። የዓለሙ ሁሉ ወረርሽኝ፣ በሌላ አገር የስፔን ጉንፋን የሚባለው፣ እኛ ጋ የኅዳር በሽታ ተባለ። የንፋስ በሽታም ይሉታል። በአዲስ አበባ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ሐኪም ጥቂት ነበር። መቃብር የሚቆፍር ጤነኛ ጠፋ። ብዙ ሰው ያለ ለቅሶ፣ ያለ ፍትሐት፣ በጅምላ ተቀበረ። ኅዳር 12 ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠልና ሰፈሩን ማጠን ከዚያ በሽታ እንደመጣ ይነገራል።

አሁን ጎረቤቶቹ ለምን እንዳልተገኙ ይገባኛል። ቤቱ ለምን ሌላ ሰው እንደገባበትም። ያቺ ሴት ክፉ አልነበረችም ይሆናል። ሰውዬው የባቡር ሰው ነው፤ ከወራት በፊት ሲሄድ አይታዋለች፤ ሲመለስ አላየችም። የምታውቀውን ተናገረች።

የት እንደተቀበረ የሚነግረኝ የለም። ማስታወሻውን የጻፈው ማን እንደሆነም እንዲሁ። የንስሐ አባቱ ይሆናሉ ብዬ አስባለሁ፤ የክርስትና ስሙን አውቆ፣ ዕለቱን ሳይሳሳት፣ በዚያ ቀውጢ ቀን ብራና ፈልጎ የሚጽፍ ሌላ ማን ይኖራል? ኋላ መጽሐፉን ያመጡት ሽማግሌ እሳቸው ከሆኑ ደግሞ ሞቱን ለቅድመ አያቴ ነግረዋት ይሆን? እማማ «አላስታውስም፤ እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም» ብቻ ነው ያለችው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የደብተሩን ገጽ ረስቼው ነበር። ዛሬ ማታ ሳጥኑን ስናስተካክል ወጣ። አሥራ አንዱን ስሞች ለእማማ አነበብኩላት።

«የኔ ጽሑፍ ነው» አለች። «አራተኛ ክፍል ሆኜ። እናቴ እየነገረችኝ ጻፍኩት። ቤተ ክርስቲያን ስም ለማስጠራት።»

ገጹ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በቀኝ «ሙታን»፣ በግራ «ሕያዋን»። በግራ በኩል የመጀመሪያው ስም ወልደ ማርያም ነው።

«እማማ፣ ይሄኛው ማነው?»

«የእናቴ አባት ነዋ።»

«ከሕያዋን ነው የተጻፈው።»

«አዎ። ሄደ ተባለ እንጂ ሞተ አልተባለማ፣ ልጄ።»

1946 አካባቢ መሆን አለበት። ቅድመ አያቴ ያኔ ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋች ነው። ቄሱ መጽሐፉን ካመጡም በኋላ ነው። አባቷ ትቷት ሄደ እያለች በአፏ ታወራለች፤ በየዓመቱ ደግሞ ለዚያው ሰው ጤናና ዕድሜ ታስጠራለች። ከዝርዝሩም ከሁሉ በላይ ታስቀምጠዋለች።

ከዚህ በኋላ ምንም መሥራት አልቻልኩም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዘንድሮም ሐሙስ ዋለ።

ታኅሣሥ ላይ ድሬዳዋ እሄዳለሁ። የሠራተኞች መዝገብ ካለ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ የሚሆኑትን ስድስት ዓይነት ስሞች አዘጋጅቻለሁ። የደረሰኟን፣ የብራናውን ቅጠልና የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለአጎቴና ለዘመዶች ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ሰጥቻለሁ። አጎቴ ቅጂውን ሲያይ ቆይቶ «እኔ እኮ ስንት ዓመት...» ብሎ አቋረጠው።

ዛሬ ሚካኤል ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ ነጠላዋን አጣፍታ ተዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ዕጣን፣ ጧፍና አዲስ ወረቀት ይዛለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ እንድጽፍላት ፈለገች። የአሁኑን ዝርዝር ከአሮጌው እያየሁ ገለበጥኩ። በግራ በኩል ከነበሩት አብዛኞቹ ወደ ቀኝ ተሻግረዋል። ቅድመ አያቴም በቀኝ ናት። ወልደ ማርያም ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። ራሷን ነቀነቀች። ከልጁ ስም በላይ፣ ከሙታን መጀመሪያ ጻፍኩት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በየደጁ ጭስ ነበር። እማማ ቆም ብላ አየችው። እናቷ በዚህ ቀን ፒያሳ ግቢያችን ውስጥ ቅጠሉን ጠርጋ፣ እሳቱን ራሷ ለኩሳ፣ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ትቆም እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ለእኔ ሳይሆን ለእናቷ ተናገረች።

«እናቴ፣ አባትሽ ተመልሶ ነበር።»